የጋራ ዕቅዱ ረቂቅ፦ የመምህራኑ የምርምር መስኮችና የእኛ ችግሮች

ፀሐፊ፦
የድሬና የሐረር ማኅበራችንን የጋራ ዕቅድ ረቂቅ አያይዣለሁ። ዓላማው ያው ነው። በዩኒቨርሲቲው የኬሚካልና ባዮሞለኪውላር ምህንድስና መምህራን ውስጥ ማን ምን ላይ እንደሚመራመር የሚያሳይ ዝርዝር እናዘጋጅ። ትይዩውን የፋብሪካዎቻችንንና የከተማውን ችግር እንጻፍ። በሚገጥመው ላይ የጋራ ጥናት እንጠይቅ። ያለፈው ዕቅድ ለምን መሳቢያ ውስጥ እንደቀረ ታውቃላችሁ። መዋጮ የሚሰበሰበው ረቂቁ ሲጸድቅ ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ሳቢያን፦
የውሃው ችግር ረቂቁ ውስጥ አራተኛ ተራ ላይ ምን ይሠራል? አንደኛ ይሁን። ድሬ ላይ ማንቆርቆሪያው ነጭ ያልለበሰ ቤት የለም። ያ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቦይለር ውስጥም እንዲሁ ይለጠፋል፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ነዳጅ ይበላል። እሱ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ናይትሬቱ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የናይትሮጅን ውሁድ። ከሽንት ቤት ጉድጓድ እየሰረገ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል። አይታይም፣ አይሸትም። ማፍላትም አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን አደገኛ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። መፍትሔው ደግሞ እዚሁ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የሚያጣራ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ሌላው ናይትሬቱን ይዞ በምትኩ ሌላ አዮን የሚለቅ ሬዚን፣ ሌላው ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች። መዋጮው መጀመሪያ ለጉድጓድ ናሙና ምርመራ ይሁን።

ለገሃሬ፦
ናሙናውን እኔ እሰበስባለሁ። ባጃጅ አለኝ። ጠርሙስ ብቻ ስጡኝ።

ሐረር፦
ይዘቱ ላይ ምንም የለኝም። ሽፋኑ ላይ ግን አለኝ። የለገሃር ባቡር ጣቢያ ፎቶ ብቻ ለምን? ማኅበሩ የድሬና የሐረር አይደለም እንዴ? ጀጎል የት ሄደ?

ለገሃሬ፦
አቦ ተው! ስለ ምህንድስና ነው የምናወራው። ድሬን ድሬ ያደረጋት እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰው ባቡር ነው። ፋብሪካውም ሱቁም የመጣው ሐዲዱን ተከትሎ ነው። ሌላ ምን ፎቶ ይደረግ?

ሐረር፦
ባቡሩ ወደ ሐረር ሊወጣ ነበር የታሰበው። ተራራው ስለከበደ ታች ቀረ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛ ከዚህ በየወሩ የምንከፍለው ለሌላ ከተማ ፎቶ ማሳተሚያ አይደለም።

ሲሚንቶ፦
ሁለታችሁም አንዴ ቆዩ። የእኔ መስክ ረቂቁ ውስጥ የለም። ከሲሚንቶ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጅ አይመጣም። የሚመጣው ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ሲቃጠል ኖራው ይቀራል፣ ጋዙ ይወጣል። ስለዚህ ነዳጅ መቀየር ብቻውን አያድነንም። ወይ ጋዙን የሚይዝ ቁስ ያስፈልጋል፣ ወይ የክሊንከሩን፣ ማለትም ተቃጥሎ ሲሚንቶ የሚፈጨበትን ድንጋይ፣ መጠን በእሳተ ገሞራ አመድ መቀነስ። ጋዝ በሚይዙ ቁሶች ላይ የሚሠራ መምህር ካለ ስሙ ይግባልኝ።

ከዚራ፦
ጀጎል ይሁን ባቡር፣ ኧረ መጀመሪያ ባዮሞለኪውላር የሚለውን አውጡት። እዚህ አገር ጂን የሚቆርጥ ፋብሪካ የለም። ገንዘቡ ለሚጨበጥ ነገር ይዋል።

ሳቢያን፦
እህቴ፣ አንቺ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ውለሽ ነው ይሄን የምትዪው? ከመሸመኑ በፊት ክሩ የሚቀባውን ስታርች ምንድን ነው የሚያወልቀው? አሚሌዝ ነው፤ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን። እሱን በአሲድ አወልቃለሁ ብትዪ ጥጡን ትጎጂያለሽ። ኢንዛይምን ለሙቀትና ለጨው እንዲችል አድርጎ ማሻሻል የባዮሞለኪውላር ምህንድስና ሥራ ነው። ፍራንሲስ አርኖልድ እ.ኤ.አ. በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመችው ኢንዛይምን በላብራቶሪ ውስጥ በዝግመተ ለውጥ ማሻሻል ስለቻለች ነው። ዶክትሬቷም በኬሚካል ምህንድስና ነው። ወባንም እንርሳ? በ2014 ዓ.ም. ወረርሽኙ ከተማችንን ሲያምሳት እዚሁ ነበርን። ያቺ አዲሷ የወባ ትንኝ የምትራባው ውሃ ባጠራቀምንበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ለወባ የምንውጠው መድኃኒት መሠረቱ አርቴሚሲኒን ነው፤ ከተክል የሚወጣ። የበርክሌዩ ጄይ ኪስሊንግ ቡድን እርሾን አሻሽሎ የአርቴሚሲኒኑን መነሻ ንጥረ ነገር እንዲያመርት አደረገ። መስኩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ከዚራ፦
አሚሌዙን አውቀዋለሁ። ከውጭ ነው የምናስመጣው፣ በዶላር። እሺ፣ እዚህ ማምረት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ሆኖ ይግባ።

ሐረር፦
የሽፋኑን መልስ አላገኘሁም።

ፀሐፊ፦
ግማሽ ባቡር ግማሽ ጀጎል አድርጌ አያይዣለሁ።

ሐረር፦
ባቡሩ ላይኛው ነው። ጀጎል ከታች የርዕሱ ጽሑፍ ተጭኖበታል። በሩ እንኳ አይታይም።

ለገሃሬ፦
እንግዲህ ተራራ ላይ ያለውን ላይ አድርጉለትና ይረፍ! በዚህ ዓይነት አንድም ፋብሪካ በር አይከፍትልንም። የሐረር አባላት መዋጮ እኮ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገባው።

ሐረር፦
ይሄን ቃል አንሳ። ደረሰኞቻችን ገንዘብ ያዥ ጋ አሉ። ካልተነሳ የሐረር አባላት ከዕቅዱ እንወጣለን። ቢራውም፣ ለስላሳውም፣ ከአወዳይ እስከ እኛ ያለው የጫት ተረፈ ምርትም ከእኛ ጋር ይወጣል።

ገንዘብ ያዥ፦
የሐረር መዋጮ ሙሉ ነው። የጎደለው ከድሬ ነው። ስም አልጠራም።

ሊቀመንበር፦
ልጆች፣ ይብቃ። እኔ ሐረር ተወልጄ ድሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ፎቶ የምትሉትን አነበብኩ። ሳቢያን ስለ ሕፃናት የጻፈችው ላይ ግን ከለገሃሬ በቀር የመለሰ የለም። ለገሃሬ፣ ናሙናው ከምን ደረሰ?

ሲሚንቶ፦
ጋሼ፣ ለገሃሬ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ጠርሙሶቹ የተሰጡት ለእሱ ነው።

ሐረር፦
ጋሼ ከተናገሩ እኔ አልከራከርም። ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ሽፋን ከሚያጣላን ሁለት ዝግጅት ይሁን። አንዱ ድሬ፣ አንዱ ሐረር። መምህራኑ መጥተው መስካቸውን ለፋብሪካ ሰዎችና ለተማሪዎች ያስረዱ። ሁለቱም ቦታ የራሱን ፎቶ ይጠቀም። እኛ ምሳውን እንችላለን።

ከዚራ፦
ይሄ ጥሩ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎችንም እንጥራ። ኬሚካል ምህንድስና ማለት ሳሙና መሥራት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ባነሩን እኔ አሠራለሁ።

ሲሚንቶ፦
ባነር፣ አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የመምህራን ትራንስፖርት። ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል?

ገንዘብ ያዥ፦
ካለው መዋጮ። ለሁለት ዝግጅት ሲከፈል ለናሙና ምርመራ የሚተርፍ የለም። ቁርጡን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሳቢያን፦
ውሃው አራተኛ ላይ ሆነ ብዬ ነበር የተቆጣሁት፤ አሁን ጭራሽ ወጣ። ዝግጅቱን አልቃወምም፣ ተማሪ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን የጀመርነው ጥናት ለመጠየቅ ነው። አንድ መምህር አንድ ሰዓት ቆሞ ስለ ሜምብሬን ሲናገር ናይትሬቱ አይቀንስም። ቢያንስ የድሬው ዝግጅት ላይ የሰዎች የቤት ውሃ በመመርመሪያ ወረቀት ይታይ። የመምህራኑ ዝርዝርም በእያንዳንዱ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ እጅ ይግባ። ይሄ ካልገባ ስሜን ከአዘጋጆቹ ላይ አውጡት።

ሊቀመንበር፦
ይግባ። የወረቀቱን ወጪ እኔ እሸፍናለሁ።

ፀሐፊ፦
ርዕሱን «የምርምር መስኮች ማስተዋወቂያ ቀን፣ ድሬና ሐረር» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ዝርዝሩ አባሪ ሆኗል። የጋራ ጥናት ጥያቄው መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ ሆኖ ገብቷል። ሲሚንቶ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሐሳብ በሦስት መስመር ጽፈህ ላክልኝ።

ለገሃሬ፦
ባጃጁ ጋራዥ ነበር። ጠርሙሶቹ ቤት አሉ፣ አልተነኩም። የድሬው ከሐረሩ በፊት ነው አይደል?

ሐረር፦
ይሄን ማን ወሰነ?