«ማሲንቆ ብቻ» ማለት ምን ማለት ነው?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ትናንት ደሴ ውስጥ ስለ ኪነ ጥበብ ውይይት ነበር። አንድ ተናጋሪ ተነሱና «አዲስ አበባ ሲምፎኒ ከያዘች መቶ ዓመት ሆናት። እኛ ዛሬም ማሲንቆ ብቻ ይዘን ቀርተናል፤ ለደሴም ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ይቋቋምላት» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማሲንቆ ብቻ? አምባሰልና ባቲ የተባሉት የዜማ ቅኝቶች ከወጡበት አገር ላይ ቆመው?

ጦሳ ማዶ፦ ምን አጠፉ? ልጆቻችን ቫዮሊን ቢማሩ ማን ይጎዳል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ቫዮሊን ማን ጠላ? «ብቻ» የምትለዋ ናት የከነከነችኝ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ታሪኩንም አበላሽተውታል እኮ። መቶ ዓመት የሞላው የማርሽ ባንድ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን እየመሯቸው ነሐስ ነፉ እንጂ ሲምፎኒ አልተጫወቱም። የእሳቸው የወንድም ልጅ ነርሲስ የኛን ቅኝት ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር ለማስማማት የደከሙት ኋላ ነው። ሲምፎኒ ማለት 80 እና 90 ሰው ነው የኔ ዓለም!

ጦሳ ማዶ፦ እና በ20 ሰው እንጀምር።

የሰኞ ገበያዋ፦ እኔ በነበርኩበት ቡድን 15 ሆነን ለትራንስፖርት ስንለምን ነው የኖርነው። ኦቦ የሚባለውን የፈረንጅ የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋው ሰው ደመወዝ ከየት ሊመጣ ነው?

ኮምቦልቼው፦ ይቋቋም ከተባለ ኮምቦልቻ ይሁን። አውሮፕላን ማረፊያው እኛ ጋ ነው። ፈረንጁ አሰልጣኝ የሐረጎን ዳገት በባጃጅ ሊወጣ ነው?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ፋብሪካውን ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ቫዮሊኑን!

ኮምቦልቼው፦ በደሴ ብርድ ቫዮሊን ቅኝት አይዝም። ለእንጨቱ አዝኜ ነው።

ባለክራሩ፦ ወላሂ ስለ መሣሪያው አንድ ሰው አላወራም። ፒያኖ ድምፁ አንዴ የተቆረጠ ነው፣ በመሃል አያስገባህም። ቫዮሊን ግን አንገቱ ላይ ክፋይ የለውም፤ ጣትህን ያሳረፍክበት ይናገራል፣ ልክ እንደ ማሲንቆ። አንቺሆዬ ቅኝትን በፒያኖ ሞክራት፣ ከዚያ በቫዮሊን። ሰውዬው የናቁት መሣሪያ የሚመኙት ዘመድ ነው።

ጦሳ ማዶ፦ ይኸው! ለሲምፎኒ መሰከርክ።

ባለክራሩ፦ ጌታው፣ ለቫዮሊን ነው የመሰከርኩት። ኦርኬስትራ ሁሉ ሲምፎኒ ነው ያለህ ማነው? በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም የሰበሰበው ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ ከበሮ ነው። ኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። ግብፃዊ ያየውን የደሴ ሰው አላየውም።

የሰኞ ገበያዋ፦ ሩቅ ሳትሄዱ፣ ማሪቱ ለገሰ የነበረችበት ወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ምን ነበር? እሱን መልሱልኝና ስለ ቼሎ፣ ስለ ትልቁ ቫዮሊን፣ እናወራለን።

ጦሳ ማዶ፦ በደርግ ኪነት ናፍቆት ልጆቻችንን ልታስቀሪ ነው።

የሰኞ ገበያዋ፦ ናፍቆት? ትዝታን ለወሎ ሰው ነውር ልታደርገው ነው?

ኮምቦልቼው፦ መንዙማስ? መቶ ሰው በአንድ ከበሮ ሲቀበል ሰምታችሁ ሲምፎኒ ትመኛላችሁ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ «ብቻ»ን ማንም አልመለሰልኝም።

ጦሳ ማዶ፦ አንተማ ዝም በል። ሰውዬው ሲጨርሱ ስታጨበጭብ አይቼሃለሁ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ብርድ ነበር። እጄን ላሙቅ ብዬ ነው።