አያ ጅቦ አህያዋን ይብላት ወይስ ይተዋት?

የጀጎሏ፦ እስቲ አቦ ፍረዱኝ። ለልጆች መጽሐፍ እጽፋለሁ፤ ሁሌም የምነሳው አያቴ ማታ ማታ ትነግረን ከነበረው ተረት ነው። አሁን የያዝኩት «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» የምንለውን ነው። ታውቁታላችሁ፤ ጅብ ከወንዙ ላይ ሆኖ፣ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አደፈረሽብኝ» ይላታል። በኔ መጽሐፍ ግን አይበላትም። ታርቀው ጠጥተው ይለያያሉ። አንድ ትምህርት ቤት ረቂቁን አይቶ «ተረቱን ገደልሽው» ብሎ መለሰልኝ። እውነት ገድየዋለሁ?

ጡረተኛው መምህር፣ ሳቢያን፦ ገድለሽዋል ልጄ። ተረቱ እኮ ስለ ጅብ አይደለም። ጉልበተኛ ሰበብ አያጣም ነው የሚለው። ካልበላትማ ምኑን ነገርሻቸው?

ከዚራ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ እኔ አልስማማም። ተረት ሲቀያየር ነው የኖረው። ይቺ የኛ የምንላት ራሷ በኤሶፕ ተረት ውስጥ አለች፤ እዚያ ተኩላና የበግ ግልገል ናቸው። የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች «ሃንሰልና ግሬትል» የሚለውን ተረት በ1812 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ፣ ልጆቹ ጫካ ተወስደው እንዲጣሉ የምትወተውተው የገዛ እናታቸው ነበረች። በኋላ እትሞች ላይ እንጀራ እናት አደረጓት፤ እናት እንዲህ አታደርግም ብለው መሰለኝ (እንጀራ እናቶች ምን በደሉ?)። የቀይ ቆቧን ልጅም እዩ። ፈረንሳዊው ፔሮ በ1697 ሲጽፋት ተኩላው በላት፣ አለቀ። ግሪሞች ናቸው አዳኝ አምጥተው የተኩላውን ሆድ ቀደው ያወጧት። ደራሲ ከተረት የሚወስደው ዘሩን ነው፤ የሚዘራው በራሱ ማሳ ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ሳቢያን፦ ጥሩ አነበብሽ። ግን ጨርሺው እንጂ! ልጅቷን ካወጡ በኋላ የተኩላውን ሆድ ድንጋይ ሞልተው ነው የገደሉት። አስታርቀው አልሸኙትም። መጨረሻ መቀየር አንድ ነገር ነው፣ ክፉውን ደግ ማድረግ ሌላ። ልጅ ሲፈራ የሚፈራው እናቱ ጉያ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ያንን ፍርሃት ከነጠቅሽው እንቅልፍ እንጂ ተረት አልሰጠሽውም።

የአሱም በር ልጅ፦ ሁለታችሁም የሌላ አገር ጅብ ነው የምታወሩት ወላሂ። የሐረር ልጅን በጅብ ታስፈራራላችሁ እንዴ? የጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ማታ ገብቶ ቆሻሻችንን ለቅሞ ይወጣል። ለአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ነው ይባላል። ከግንቡ ውጭ ደግሞ ሥጋ በእንጨት ጫፍ ይዘው የሚያጎርሱት ሰዎች በየስሙ ይጠሩታል። ለጀጎል ልጅ «ጅብ መጣልህ» ብትይው «የትኛው?» ነው የሚልሽ። እህቴ፣ ጥፋትሽ መጨረሻውን መቀየርሽ አይደለም። አያትሽ የነገረችሽን ይዘሽ በራፍሽ ላይ ያለውን አለማየትሽ ነው። ወራባ፣ የኛው የሐረሩ ጅብ፣ እያለልሽ አያ ጅቦን ምን አስፈለገሽ?

ከዚራ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ድሬ ያለው ልጅስ? ሰበታ ያለው? መጽሐፉ ለሐረር ብቻ ሊታተም ነው?

የአሱም በር ልጅ፦ ያ የነጋዴ ጥያቄ ነው፣ የደራሲ አይደለም 😄

የጀጎሏ፦ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ብቻ ቢሆን እልህ ይዞኝ አሳትመው ነበር። ግን ባለፈው ለሰፈር ልጆች አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ ማንም «ድገሚልን» አላለም፣ ይሄ ደግሞ ለተረት ነጋሪ ከስድብ ይከፋል። አንዱ ትንሽዬ ብቻ እጁን አወጣና «ታዲያ ጅቡ ራቱን ምን በላ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መፍረሱን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ጅቡ ራቡን ረስቶታል፣ የረሳሁት እኔ ነኝ። የአሹራውን ገንፎ ግን አላሰብኩትም ነበር። አህያዋ ከጅቡ ጋር በቃል ስትከራከር ሳይሆን፣ የተራበ ጅብ ከተማ በር ላይ ቆሞ ሰዎቹ ምን እንስጠው ብለው ሲጨነቁ ነው አሁን የሚታየኝ።

ጡረተኛው መምህር፣ ሳቢያን፦ እሱን ጻፊ። ገንፎውንም ቅቤ አብዢለት። ግን አህያዋ መጀመሪያ ትበላ።

ከዚራ፦ ጋሼ! 😂