ክርክር፦ የልምምድ ተማሪ የታካሚ መዝገብ ይክፈት ወይስ አይክፈት?

ጠያቂው፦
ሰላም ቤተሰብ። የሕብረተሰብ ጤና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ የወረርሽኝ ቅኝት ይማራሉ። አብዛኛው ሥራቸው ግን ከመረጃ ጋር ነው፤ መረጃው ደግሞ የሰው ገመና ነው። ስም ያለበትን መዝገብ ይክፈቱ ትላላችሁ?

ተማሪው፦
ይክፈቱ እላለሁ። ፖሊሲ ከስላይድ ላይ አይለመድም። ጤና ጣቢያው ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ቆጥሮ ዲኤችአይኤስ2 በሚባለው የጤና ሪፖርት ማስገቢያ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ያስገባል። ቁጥሩ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ነው። ለምሳሌ ሪፖርቱ 40 ወሊድ ብሎ መዝገቡ ላይ 31 ብቻ ቢገኝ፣ ወረዳው በሌለ ቁጥር እያቀደ ነው ማለት ነው። መዝገቡን ሳልከፍት ይህን በምን ልወቀው?

ሲስተር፦
ልጄ፣ መማርህን ማን ጠላ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የኤአርቲ ክፍል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ነው። ሰው እንዳያየው ፈርቶ የሰፈሩን ጤና ጣቢያ ትቶ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ መድኃኒት የሚወስድ አለ። የትራንስፖርት ከፍሎ፣ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ። የጎረቤቱ ልጅ ጋዎን ለብሳ መዝገብ ስታገላብጥ ካያት ተመልሶ አይመጣም። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ደግሞ ቫይረሱ ደሙ ውስጥ እንደገና ይበዛል። በዚያ ላይ መዝገቡን በስልካቸው አንስተው «ማታ ቤት እሠራዋለሁ» የሚሉ ተማሪዎች አይቻለሁ። ስልኩ ቢጠፋስ? ወንድሙ ቢከፍተውስ?

ተማሪው፦
እሺ ሲስተር፣ ስሙ ተሸፍኖ ብናየውስ?

የመረጃ ባለሙያዋ፦
አይበቃም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ «ሴት፣ 34 ዓመት፣ መምህርት፣ ቲቢ» ከተባለ ስሟ ተጠራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስም ተነሥቶለት ለተመራማሪዎች ተሰጥቶ ነበር። ላታንያ ስዊኒ በትውልድ ቀን፣ በፆታና በፖስታ ቁጥር ብቻ የአገረ ገዥውን የዊልያም ዌልድን መረጃ ለይታ አወጣችው። ያኔ እሷ ራሷ ተማሪ ነበረች! እና ተማሪ ቀዳዳውን ለማየት ይጠቅማል፤ ማባረሩን አልደግፍም።

ጋሼ (ጡረታ የወጡ ጤና መኮንን)፦
የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ጀምሮ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ተማሪዎች በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ይህ አገር የጤና ሠራተኛ ያገኘው እንዲህ ነው። በሩን ከዘጋችሁባቸው ተመርቀው ሲመጡ ወረዳን ከዜሮ ነው የሚጀምሩት።

የሕግ ባለሙያው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ያኔ ያልነበረ ሕግ ዛሬ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊትም የግል ሕይወትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነበረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አምጣ ይባላል። ለልምምድ ሲመጣ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይገባና ያንኑ መዝገብ ይከፍታል። ታካሚው ግን ያው አንድ ሰው ነው። ደብዳቤው ላይ የትኛው መዝገብ፣ ለምን ሥራ፣ በማን ፊት እንደሚከፈት ይጻፍ። ጥፋት ሲመጣም ቅድሚያ የሚጠየቀው ቁልፉን የሰጠው ጽሕፈት ቤት ይሁን። የ22 ዓመት ልጅ ላይ ብቻ አታላክኩ።

ተማሪው፦
በዚህ እስማማለሁ። ቋሚ ሠራተኛውም ግን እንደኛው ይፈርም። መዝገቡ ኮሪደር ላይ ተከፍቶ የሚውለው በእኛ ብቻ አይደለም።

ሲስተር፦
እውነት ነው፣ አልክድህም። ቆጠራውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሥሩ፣ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ውጡ፣ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። የኤአርቲን መዝገብ ግን የሰፈሩ ልጅ አይንካው። ሌላ ጤና ጣቢያ ይመደብ።

ተማሪው፦
የሚመደብበት ቦታ የቤት ኪራዩንና ትራንስፖርቱን ማን ይችለዋል ሲስተር? አብዛኞቻችን የሰፈራችንን ጤና ጣቢያ የምንጠይቀው ከቤት በልተን ለመዋል ነው።

የሕግ ባለሙያው፦
እሱን ዩኒቨርሲቲው ነው መቻል ያለበት። የላከው እሱ ነው።