ኬክ ኬክ የሚል የፕሮቲን ስሙዚ በቤት፦ አረፋ የሚበዛበትና የሚቀጥነው ለምንድን ነው?

የማርቆሷ፦

እንደምን ዋላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ያለኝ ባለ 500 ዋት ብሌንደር፣ ቫኒላ ጣዕም ያለው የዌይ ፕሮቲን ዱቄት፣ ሙዝ፣ ወተትና የለውዝ ቅቤ ነው። የምፈልገው እንደ ቺዝኬክ ወይም እንደ ቸኮሌት ኬክ የሚጣፍጥ፣ በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ነገር ነው። የሚወጣው ግን ከላይ አረፋ፣ ከታች ውኃ ነው፤ ጣፋጭነቱም ከጠጡት በኋላ ምላስ ላይ ይቀራል።

መጠኑ ይኼ ነው፦ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ዕቃው ውስጥ ባለው መስፈሪያ አንድ ሙሉ ዱቄት፣ አንድ ሙዝ፣ 5 ፍሬ በረዶ። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ ሁለት ደቂቃ እፈጨዋለሁ። ስህተቱ የት ላይ ነው? ዱቄቱ ሲያልቅ በአይብ መተካት ይቻላል ወይ? ለጾምስ የሚሆን አለ?

የቡሬ ኩሽና፦

እህቴ፣ ዱቄቱ ጥፋት የለበትም። ፈሳሹ በዝቷል፣ ፍጭቱም ረዝሟል።

5 በረዶ ሲቀልጥ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሆናል። ከወተቱ ጋር 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ሙዝ ይህን ሁሉ የማወፈር አቅም የለውም። ወተቱን ወደ 180 አውርጂው፣ በረዶውን ጨርሶ ተይው፣ ቅዝቃዜው ከሙዙ ይምጣ። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የወጣበትን ሙዝ ልጠሽ፣ በጣት ውፍረት ቆርጠሽ፣ ሳህን ላይ ሳይነካካ ዘርግተሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ከደረቀ በኋላ ላስቲክ ውስጥ ማጠራቀም ይቻላል። ሳይዘረጋ ከገባ ግን ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ይሆናል። ባለ 500 ዋት ሞተር ያንን አይደፍረውም፤ ምላጩ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ሞተሩም ይሸታል። 30 ሰከንድ ከፈጨሽ በኋላ አንድ ደቂቃ አሳርፊው፣ በማንኪያ አገላብጪው፣ እንደገና ፍጪ።

አረፋውን በተመለከተ፣ ዌይ ማለት የእኛው አጓት ነው። ዱቄቱ አጓት ተጣርቶና ደርቆ የተሠራ ነው። የአጓት ፕሮቲን ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አየር ይይዛል። ሁለት ደቂቃ በከፍተኛ ፍጥነት መምታት አረፋ መሥራት ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከላመ በኋላ ዱቄቱን መጨረሻ ላይ ጨምሪና ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት። ስብም አረፋ ይሰብራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ወይም 50 ግራም አቮካዶ ይበቃል። የመራዊ አቮካዶ ከቆጋ መስኖ ሲገባ ጥሩ ጊዜ ነው። በዚህ መጠን ጣዕሙ አይታወቅም፤ አፍ ላይ አይስክሬም የሚያስመስለው ግን እሱ ነው።

ምላስ ላይ የሚቀረው ዱቄቱ ውስጥ ያለው ማጣፈጫ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሱክራሎዝ ወይም ስቴቪያ፣ ዕቃው ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ማር ብትጨምሪበት ይባባሳል። በሁለት ጣት ቁንጥር ጨው ይሰብረዋል፤ ኬክ ውስጥም ጨው የሚገባው ለዚሁ ነው። ዱቄቱንም ወደ ሁለት ሦስተኛ ቀንሺው። የተቀነሰውን ፕሮቲን ከሌላ ነገር ማምጣት ይቻላል።

ጣና ዳር፦

የቡሬው ወዳጄ ባለው ላይ፣ የአይቡን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ይቻላል፣ እንዲያውም ለቺዝኬክ ጣዕም ከዱቄቱ ይልቅ የምመርጠው አይብ ነው። በደንብ የተጠለለ አይብ በ100 ግራም ከ14 እስከ 15 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ስቡም ትንሽ ነው። ውኃ ያዘለ ከሆነ ቁጥሩ ይወርዳል፤ በንጹሕ ሻሽ ቋጥረሽ ሁለት ሰዓት ስቀዪው።

ለአንድ ሰው፦ 120 ግራም አይብ፣ 200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት፣ ግማሽ የቀዘቀዘ ሙዝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ጥቂት ጠብታ ቫኒላ፣ ቁንጥር ጨው፣ የሩብ ሎሚ ልጣጭ ተፍቆ (ቢጫው ወይም አረንጓዴው ብቻ፤ ነጩ ይመራል)። በመጀመሪያ አይቡንና ወተቱን ብቻ አንድ ደቂቃ ሙሉ ፍጪ። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ የአይብ ፍርፋሪ የሚላመው ብቻውን ሲፈጭ ነው፣ የቀዘቀዘ ሙዝ ከገባ በኋላ ፍርፋሪው እንደ አሸዋ ይቀራል። ቀጥሎ ሙዙና ሌላው።

አሁን ደግሞ በሶ። ቺዝኬክ ከሥሩ ብስኩት አለው አይደል? በሶ የተቆላ ገብስ ስለሆነ ያንኑ የብስኩት ሽታ ይሰጣል፣ የተቆላ በመሆኑም ሳይበስል ይበላል። 15 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና በትንሽ ማር አሽተሽ ፍርፋሪ አድርጊው። ግማሹን ብርጭቆው ሥር፣ ግማሹን ከላይ። ብሌንደር ውስጥ አትጨምሪው፤ ውኃ ይጠጣና አጥሚት ይሆናል። ሁሉም ተደምሮ ወደ 27 ግራም ፕሮቲን ይመጣል፣ ዱቄት ሳይነካ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አጓቱ ራሱ ዱቄቱን አይተካም። አንድ ብርጭቆ አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን 2 ግራም ገደማ ነው። በውኃ ፋንታ ማቅጠኛ ቢሆን ግን አይጣልም።

ዳንግላ 07፦

ስለ አይቡ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው።

አንደኛው ጢሱ ነው። ገጠር ወተቱ የሚረጋበትና የሚናጥበት ቅል በወይራ ይታጠናል። ያ ሽታ ለክትፎና ለጎመን ማዕረግ ነው፣ ከቫኒላና ከቸኮሌት ጋር ግን ይጣላል። ለጣፋጭ ያልታጠነ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ጤና ነው። የገበያው አይብ ከአሬራ ነው፣ አሬራው ደግሞ ካልፈላ ወተት። አይብ ሲወጣ አሬራው ለብ ከማለት ትንሽ አልፎ ይሞቃል እንጂ አይፈላም፤ ስለዚህ እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ ከከብት የሚመጣ በሽታ በዚያ ሙቀት ለመሞቱ ዋስትና የለም። ስሙዚ ሳይበስል የሚጠጣ ነውና፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ካለች ቤት ውስጥ ከተፈላ ወተት ማውጣት ይሻላል። አንድ ሊትር ወተት አፍልተሽ አውርጂ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይተሽ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ እያንጠባጠብሽ በቀስታ አማስዪ። አጓቱ ጠርቶ ወደ አረንጓዴ ቢጫ ሲያደላ በቃ፤ እስከዚያ ወተት ከመሰለ ትንሽ ሎሚ ይጎድለዋል። 10 ደቂቃ አሳርፈሽ በሻሽ አጥልዪ፣ አንድ ጊዜ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አለቅልቂው፣ ሎሚው ይወጣለታል። ከ150 እስከ 200 ግራም ታገኛለሽ፣ ጢስም የለው፣ ኮምጣጣም አይደል።

የማርቆሷ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገሩ ገባኝ። ለቸኮሌቱስ? ካካዎ ስጨምር እብጠት እብጠት ይሆንና ዱቄቱ ጥርስ ላይ ይቀራል። ቡና ብጨምርበትስ?

የቡሬ ኩሽና፦

ካካዎ በቀዝቃዛ ወተት አይሟሟም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ካካዎ በሦስት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውኃ ለውሰሽ፣ እንደ ሊጥ አድርገሽ፣ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዢው። ሙቅ ውኃው ጣዕሙንም ይከፍተዋል፤ ልዩነቱ ብዙ ነው። ከዚያ 180 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ የቀዘቀዘ ሙዝ፣ 50 ግራም አቮካዶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ ጨው፣ መጨረሻ ላይ 20 ግራም የቫኒላ ዱቄትሽ። ፕሮቲኑ 28 ግራም አካባቢ ይሆናል። የመስፈሪያው መጠን ከዱቄት ዱቄት ስለሚለያይ በሚዛን ስፈሪው።

ቡና ካማረሽ ከወተቱ ላይ አንድ ስኒ ቀንሰሽ አንድ ስኒ አቦል አግቢ። ጀበናው በደንብ ይስከን፣ አተላ እንዳይገባ። ቡናው ቀዝቅዞ መግባት አለበት። የአጓት ፕሮቲን ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ፈሳሽ እንደ እንቁላል ይረጋል፤ ያ እብጠት ከተፈጠረ በኋላ ብትፈጪውም አይላምም።

ጣና ዳር፦

መለያየቱ ለሚያስቸግረው ሁሉ፦ ተልባ። አንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ተልባ ገና ሲፈጭ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፣ የሚያወጣው ልሃጭ ስሙዚውን አንድ ላይ ይይዘዋል። ሁለት ማንኪያ ካደረግሽው ይዝለገለጋል። ተፈጭቶ የከረመ ተልባ ደግሞ የቆየ ዘይት ይሸታል፣ አይጠቅምም።

ፓፓያና ጥሬ አናናስ ከወተት ጋር ከሆነ ወዲያው መጠጣት አለበት። ሁለቱም ፕሮቲን የሚበጥስ ኢንዛይም ስላላቸው ቆይቶ ወተቱ ይመራል። ማንጎ ይህ ጣጣ የለበትም።

የዳሞት ምጣድ፦

ለጾሙ ማንም አልመለሰላትም። መጀመሪያ፣ ዌይ ከወተት ነውና ለጾም አይሆንም፤ የዕቃው ሥዕል ላይ ላም ስለሌለ አትታለሉ።

የሚሆነው ሽምብራ ነው። 100 ግራም የበሰለ ሽምብራ ከ8 እስከ 9 ግራም ፕሮቲን አለው። ማታ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ፣ ውኃውን ድፊ፣ በአዲስ ውኃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨምረሽ ቀቅዪ። ማርቆስ ከፍታ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽምብራው በክፍት ድስት ከቆላ ይልቅ ይዘገያል፣ ፕሬዠር ኩከር ካለ በእሱ። በሁለት ጣት ሲጫኑት ያለ ትግል መድቀቅ አለበት። በውኃ ውስጥ አሽተሽ ልጣጩን አንሳፊው፤ ስሙዚ ውስጥ ሻካራ የሚሆነው ልጣጩ ነው።

መጠኑ፦ 100 ግራም ሽምብራ፣ 250 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ ፍሬው ወጥቶ በሙቅ ውኃ 15 ደቂቃ የቆየ ሦስት ተምር፣ ግማሽ የቀዘቀዘ ሙዝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ የአንድ ኮረሪማ ፍሬ ተወቅጦ፣ ጨው። ወደ 24 ግራም ፕሮቲን፣ ጣዕሙም የቅመም ኬክ። የአኩሪ አተር ወተቱ ቤት የሚሠራ ከሆነ ከተጠለለ በኋላ 15 ደቂቃ መፍላት አለበት፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው፣ የባቄላ ሽታውም የሚለቀው ሲፈላ ነው።

ለውዙ ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ፣ ከተሸበሸበ ወይም ከጠቆረ ይጣል። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ (አፍላቶክሲን) በመቁላት አይጠፋም።

የማርቆሷ፦

ጠዋት ጠዋት መብራት ስለሚጠፋ ማታ ሠርቼ ማሳደር እችላለሁ?

ዳንግላ 07፦

ተፈጭቶ ከሚያድር ይልቅ ሳይፈጭ ይደር። ሙዙንና አቮካዶውን ለአንድ ጊዜ በሚሆን መጠን ላስቲክ ውስጥ ፍሪዘር አስገቢ፤ ደረቁን (ዱቄት፣ ጨው፣ ቀረፋ) ለብቻ በትንሽ ዕቃ። መብራት ባለበት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የግድ ተፈጭቶ የሚያድር ከሆነ የአይቡን ምረጪ፤ ፍሪጅ ውስጥ በክዳን እስከ ማግስቱ ይቆያል፣ ሙዙ እንዳይጠቁር ጥቂት ጠብታ ሎሚ፣ በሶው ደግሞ ሲቀርብ ብቻ። መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ፍሪጁ ሞቆ ካደረ ግን አትቅመሺው፤ ወተት ያለበት ነገር ሳይኮመጥጥም ሊበላሽ ይችላል።

መብራት ጨርሶ ለሌለበት ጠዋት፦ ክዳኑ ጠበቅ ያለ ጠርሙስ፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት መጀመሪያ፣ ቀጥሎ 20 ግራም ዱቄትና ማታ የተለወሰው ካካዎ፣ ለመበታተኛ የታጠበ የሻይ ማንኪያ አብሮ ገብቶ 30 ጊዜ መናጥ። ዱቄቱ ከወተቱ ቀድሞ ከገባ ሥሩ ላይ ይጣበቃል።