ማሲንቆ ሲቀዳ ሆዱ ባዶ ይሆናል፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። ጅማ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍን ሰው ሊቀዳ ነው። ሁለት ኮንደንሰር ማይክና ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ አለ። የሙከራው ድምፅ ቀጭን ነው፤ ስር ስሩም እምምም የሚል ነገር አለ።

መልስ 1፦ ማይኩ ደጋኑ ላይ ከተደቀነ የሚገባው የጭራው ፍትጊያ ብቻ ነው። ከቆዳው 40 ሳንቲ ሜትር አርቀህ ወደ ቆዳው ጠርዝ አዙረው። የዘፋኙን ማይክ ከአገጭ ዝቅ አድርገህ ወደ አፍ ቀና አድርገው፤ ጀርባው ለማሲንቆው ይሁን። ቅጥነቱ ግን ከፌዝም (phase፦ የሁለቱ ማይክ የድምፅ ሞገድ ሳይገጥም ሲቀርና ሲጠፋፋ) ሊሆን ይችላል፦ ሁለቱን ትራክ በሞኖ (አንድ ላይ ደምረህ) እየሰማህ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ፕላስና ማይነስ) ገልብጥ፣ ባሱ የሞላበትን ያዝ። ቅጂውን በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ አድርገው፤ በመለኪያው ላይ ከፍተኛው ጩኸት ከ-12 ዴሲቤል አይለፍ። ዘፋኝ ሲሞቀው ይጮኻል፣ በሙከራው አትታለል።

መልስ 2፦ እምምታው የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለህ በባትሪ ቅዳ፤ መብራት ድርግም ቢልም ሥራው አይጠፋም። ፍሪጅም ይነቀል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብን ግን ምንም ፊልተር አያወጣልህም፣ ሁሉም ፍሪኩዌንሲ ውስጥ አለ። እስኪያባራ ጠብቅ። የክፍሉን ማስተጋባት ለመቀነስ ጋቢ ወይም ፍራሽ ስትሰቅል ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

መልስ 3፦ ከመቅዳትህ በፊት ውል ተፈራረሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩም መብት ይሰጣል፤ «የሕዝብ ዜማ ነው» ብሎ ተጫዋቹን መዝለል አይሠራም።

ጠያቂ፦ ፖላሪቲው ሲገለበጥ ሆዱ መጣ! እግዜር ይስጥልኝ።