«አረጀ»፣ «ነጠፈ»፣ «ሳሳ»፦ ለጨረር ቆጣሪ የትኛው ግስ?

ሒርማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ለፊዚክስ ተማሪዎች በሚዘጋጅ የአማርኛ የቤተ ሙከራ መመሪያ ላይ አንድ ቃል አከራክሮናል። ስለ ጋይገር ቆጣሪና ስለ ሌሎች ጋዝ የተሞሉ ጨረር ጠቋሚዎች በሚያወሳው ክፍል፣ ንባቡ ባጠረ ወይም በተዛባ ቁጥር «መሣሪያው አርጅቷል» ተብሎ ይታለፋል። ጋዙ ቢያልቅም «አረጀ»፣ ሽቦው ቢቆሽሽም «አረጀ»፣ በክረምት እርጥበት ቢገባውም «አረጀ»። ይህ አንድ ግስ ለሁሉም ይበቃል ወይ? በዚያው ላይ፣ «ያረጀ ያፈጀ» ስንል «አፈጀ» የሚጨምረው ነገር አለ?

አዌቱ፦
አለ። «አፈጀ» ብዙ ዘመን አስቆጠረ ማለት ነው፤ የሚቆጥረው ዓመት ነው። «አረጀ» የሚናገረው ግን ስለ ሁኔታ ነው፤ ጉልበቱ አለቀ፣ እንደ ቀድሞው አይሠራም ማለት ነው። በንግግር ተጣምረው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ፤ እዚህ ግን መለየታቸው ይጠቅማል። ጋዝ ያለው ጠቋሚ የሚያረጀው ባሳለፈው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ልክ እንጂ በዓመት ልክ አይደለም። ሳያፈጅ ሊያረጅ ይችላል፤ አፍጅቶም ላያረጅ ይችላል።

የጋይገር ቱቦን እንውሰድ። ውስጡ ኒዮን ወይም አርጎን አለ፤ ከዚያ ጋር ጥቂት አብራጅ ጋዝ ይጨመራል። ጨረር ሲገባ የሚነሣው የኤሌክትሮን ናዳ (አንዱ ኤሌክትሮን ሌሎችን እየነቀለ የሚበዛበት) በቱቦው መካከል ባለው ሽቦ ርዝመት ሁሉ ይዛመታል። ወደ ግድግዳው የሚሄዱት አዮኖች አዲስ ኤሌክትሮን ፈንቅለው ናዳውን እንደገና እንዳይቀሰቅሱት የሚከለክለው አብራጁ ነው። አብራጁ እንደ ኤታኖል ወይም ኤቲል ፎርሜት ያለ ኦርጋኒክ ውህድ ከሆነ በእያንዳንዱ ምት (ቆጣሪው በሚቆጥረው አንድ ናዳ) ብዙ ሞለኪውሎቹ ይፈርሳሉ፤ ፈርሰውም አይጠገኑም። 1 ቢሊዮን ገደማ ምት ሲቆጠር አብራጁ ያልቃል። በሰከንድ 100 ምት እየቆጠረ ሌት ተቀን የሚሠራ ቱቦ እዚያ የሚደርሰው በ116 ቀን ነው። በ2 ሰከንድ አንድ ምት ብቻ የሚቆጥር ደግሞ 63 ዓመት ይፈጅበታል። «አፈጀ» ለመጀመሪያው እንደማይሆን ልብ በሉ።

ለዚህ ጉዳት የእኔ ምርጫ «ነጠፈ» ነው። ምንጭ ነጠፈ እንደሚባለው፣ የነበረው አልቆ መስጠቱን ማቆሙን ይናገራል። አብራጁ ብሮሚን ወይም ክሎሪን ከሆነ ግን የተለያዩት አቶሞች መልሰው ይጋጠማሉ፤ እንዲህ ያለው ቱቦ በዚህ መንገድ አይነጥፍም። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ ሃሎጅን (ብሮሚንና ክሎሪን የሚመደቡበት ወገን) ብረት ይበላል። ሽቦውና ግድግዳው ሲበላ ጋዙም እየተቀነሰ ይሄዳል። እዚያ ላይ «ተበላ» ብንል ትክክል ነው፤ ዝገት የበላው ብረትም በአማርኛ ሲባል የኖረው እንዲሁ ነው።

ቦዬ፦
በአዌቱ ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ሽቦው ነው፤ እውነተኛው «እርጅና» ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ጆርጅ ሻርፓክ በ1968 በሰርን (በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል) ባለ ብዙ ሽቦ ክፍሉን፣ ማለትም ብዙ ሽቦ የተዘረጋበትን ጋዝ ያለው ጠቋሚ፣ ከሠራ ወዲህ (በ1992 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ነው) እንዲህ ያሉ ጠቋሚዎች ዕድሜያቸው የሚለካው በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ሽቦ ላይ በተሰበሰበ ቻርጅ፣ ማለትም በኩሎም በሴንቲሜትር ነው። በሽቦው ዙሪያ ናዳው በሚነሣበት ቀጭን ስፍራ ሚቴን፣ አይሶቡቴን የመሳሰሉ ሃይድሮካርቦኖች ይሰባበራሉ። ስብርባሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ረጃጅም ሰንሰለት ይሠሩና ሽቦው ላይ ይለጠፋሉ። ሽቦው ሲወፍር በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይደክማል፤ ማጉላቱ (ናዳው ኤሌክትሮኖችን የሚያበዛበት መጠን) ይቀንሳል። የተለጠፈው ነገር ወጥ ካልሆነ ደግሞ በአንዱ ሽቦ ላይ እንኳ ማጉላቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለዚህ «ጥቀርሻ ያዘ» ከማለት የተሻለ አላውቅም፤ ጥቀርሻ ከሚነደው ነገር ራሱ ተነሥቶ በጊዜ ብዛት የሚጠነክር ልጥፍ ነውና።

ሲሊከን ከሁሉም የከፋ ነው። የሚመጣው ከሲሊኮን ቅባት፣ ከሲሊኮን ማሸጊያ፣ ጋዙ ከሚንተከተክበት የሲሊኮን ዘይት ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ሽቦው ላይ ጠንካራ ልጥፍ ይሠራል። ስለዚህ በመመሪያው ላይ በደማቁ ይጻፍልኝ፦ የጋዝ መስመሩ ከመዳብ ወይም ከማይዝግ ብረት ይሁን፤ ለስላሳ ፒቪሲ ቱቦ ማለስለሻ ኬሚካሉን ወደ ጋዙ ስለሚለቅ አይገባም፤ ማንኛውም የሲሊኮን ምርት ከጋዙ ጋር አይነካካ።

ሌላው ጉዳት ግድግዳው ላይ፣ ማለትም ካቶዱ ላይ የሚሆነው ነው። ካቶዱ በማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ሲለበስ የሚደርሱት አዮኖች ሽፋኑ ላይ ይከማቻሉ። ከታች ባለው ብረትና በእነሱ መካከል እጅግ ብርቱ መስክ ይፈጠርና ኤሌክትሮን ከብረቱ ይነቅላል፤ ያ ኤሌክትሮን ሽቦው ጋ ደርሶ ናዳ ያስነሣል፤ ናዳው አዲስ አዮን ይልካል። ሉዊስ ማልተር በ1936 የገለጸው ክስተት ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ምልክቱ የማያሳስት ነው፦ የጨረር ምንጩን ብታነሡም ፍሰቱ አይቆምም። ቮልቴጁን ካወረዳችሁ ይቆማል፤ ስትመልሱትና ምንጩን ስታቀርቡ ግን እንደገና ይነሣል። ለጊዜው የሚያስታግሰው ጋዙ ላይ ጥቂት የውሃ ትነት ወይም አልኮል መጨመር ነው፤ ሽፋኑ ትንሽ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል። ይህን «አረጀ» ማለት አያስኬድም፤ ያረጀ ነገር ዝም ይላል፣ ይህ ግን ያለ ማንም ቀስቃሽ ይለፈልፋል። «ለፈለፈ» ይባልልኝ።

ሒርማታ፦
«ለፈለፈ» ግሩም ነው፤ ወስጄዋለሁ። ጋሼ ጅሬን፣ እርስዎስ ስለ አየሩ ምን ይላሉ? ሐምሌ ላይ ንባቡ ሲዛባ ቱቦው ነው ወይስ ዝናቡ?

ጅሬን፦
አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡ ነው፤ መድኃኒት ያለውን ችግር «አረጀ» ብሎ መሣሪያን መጣል ያሳዝናል። ሁለት ግስ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው «ራሰ» ነው። በጅማ ክረምት የቆጣሪው ማያያዣና ገመዱ የሚገባበት ጫፍ ላይ አቧራና እርጥበት ተዋህደው ቀጭን ንጣፍ ይሠራሉ፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ በዚያ ላይ ይሾልካል። ቱቦው ራሱ የታሸገ ነው፤ ውስጡ አልተነካም። ምንጩን አርቃችሁ፣ ቮልቴጁን በሥራ መጠኑ ላይ አድርጋችሁ ቁጠሩ። ቆጠራው ከተለመደው የአካባቢ ጨረር ከበለጠና ከተዘባረቀ ኃይሉን አጥፉ፤ ቻርጁ እስኪወርድ ጠብቁና ማያያዣውን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። ሲሊካ ጄል ባለበት የተዘጋ ሣጥን ውስጥ አሳድራችሁ በማግሥቱ እንደገና ለኩ። ከተስተካከለ ራሶ ነበር እንጂ አላረጀም።

ሁለተኛው «ሳሳ» ነው። ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 1,013 ነው። ለታሸገ ጋይገር ቱቦ ይህ ለውጥ የለውም። አየር ለሚገባው የአዮናይዜሽን ቻምበር (ጨረር በአየሩ ውስጥ የሚፈጥረውን ቻርጅ ለሚለካው መሣሪያ) ግን ዋና ነገር ነው። ውስጡ ያለው አየር ስለሳሳ ንባቡ ያንሳል። በ22 ዲግሪ ሙቀትና በ820 ሄክቶፓስካል ማረሚያው እንዲህ ይሠራል፦ ሙቀቱ በኬልቪን 295.15 ለማነጻጸሪያው 293.15 (20 ዲግሪ) ተካፍሎ፣ በ1,013.25 ሲባዛና ለ820 ሲካፈል 1.244 ይመጣል። ንባቡን በዚህ ማባዛት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋት የሚደርሰው ግፊቱን ከስልክ የአየር ትንበያ ሲወስዱት ነው። እዚያ የሚታየው ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ቁጥር ስለሆነ ማረሚያውን ወደ 1 ያስጠጋዋል፤ ውጤቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ግፊቱ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ባለ ባሮሜትር ይለካ።

ጋዝ በሚፈስባቸው የሽቦ ቆጣሪዎች ደግሞ መሳሳቱ ንባብን ያበዛል። የጋዙ እፍጋት በ1% ሲቀንስ ማጉላቱ ከ5 እስከ 8% ይጨምራል። ስለዚህ ጥቀርሻ መያዙን ከአየሩ ለመለየት፣ ጨረር ያላገኘው ተመሳሳይ ቆጣሪ በዚያው ጋዝ መስመር ላይ ይቀጠልና የሁለቱ ንጽጽር ይመዝገብ። አየሩ ሁለቱንም እኩል ይነካል፤ ጥቀርሻው አንዱን ብቻ።

አዌቱ፦
በጋሼ ላይ የጋይገሩን ፍተሻ ልጨምር። ምንጩን በማይነቃነቅ ርቀት አስቀምጡ። ቆጠራው ከጀመረበት ቮልቴጅ በ25 በ25 ቮልት ከፍ እያላችሁ በየደረጃው ቢያንስ 10,000 ምት ቁጠሩ፤ ያኔ የዕጣ ልዩነቱ (ቆጠራው በአጋጣሚ ብቻ ከፍ ዝቅ የሚልበት) ወደ 1% ይወርዳል። ቆጠራው ጠፍጣፋ የሚሆንበት ክልል አለ። የዚያን ክልል ተዳፋት በ100 ቮልት በመቶኛ አስሉ። ኦርጋኒክ አብራጅ ያለው ጤነኛ ቱቦ 3% አካባቢ ነው፤ ሃሎጅኑ ከዚያ ይበልጣል። ከ10% ካለፈና ጠፍጣፋው ክልል ከቀድሞው ካጠረ ነጥፏል ወይም ተበልቷል። ቆጠራው በድንገት ሽቅብ ሲተኮስ ወዲያው አውርዱ፤ እዚያ ላይ የምታቆዩት እያንዳንዱ ደቂቃ ዕድሜውን ይቀንሳል።

ሒርማታ፦
አንድ ቀረኝ፤ ሽቦ የሌላቸው፣ በሁለት የቤክላይት (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት) ሰሌዳ መካከል ጋዝ የሚያልፍባቸውስ?

ቦዬ፦
እነሱ ይደርቃሉ። ቤክላይቱ የሚያስተላልፈው በያዘው ጥቂት እርጥበት ስለሆነ፣ ደረቅ ጋዝ ለረጅም ጊዜ ሲያልፍበት እርጥበቱ ይወሰድና ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው መቋቋም ይጨምራል፤ ጨረር ሲበዛ መቁጠር ያቅተዋል። ስለዚህ ጋዙ ራሱ በ40% ገደማ አንጻራዊ እርጥበት ተደርጎ ይላካል። የክፍሉ አየር እርጥብ መሆኑ ይህን አይተካም፤ እርጥበቱ የሚያስፈልገው በጋዙ መስመር ውስጥ፣ በተለካ መጠን ነው። ጋዙ በአብዛኛው ቴትራፍሎሮኤቴን ስለሆነ በናዳው ሲሰባበር ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጣል፤ የውስጡን ገጽ ይበላል። በመመሪያው ላይ ለቤክላይቱ «ደረቀ» እና «ተበላ» ተለያይተው ይጻፉ፤ የመጀመሪያው በእርጥብ ጋዝ ይመለሳል፣ ሁለተኛው አይመለስም።