የጥበቃ ቤቷን የቢራ መጥመቂያ ላደርጋት ነው፤ ብሩን መጀመሪያ ምን ላይ ላውለው?

የሱሉልታው፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶ ይቀመጥባት፣ በኋላም ጥበቃው ያድርባት የነበረች 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች ቆርቆሮ ቤት ጓሮ ቆማለች። አሁን የተሰበረ ወንበር፣ የቀለም ጣሳና የተረፈ ፌሮ ሞልቶባታል። ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ሰንበትበት ብያለሁ፤ እስከ ዛሬ የምሠራው ወጥ ቤት ውስጥ በ25 ሊትር ባልዲ ነበር። ባለቤቴ ግን ለፋሲካ መጋረጃ ካጠበች በኋላ «ከእንግዲህ ብቅል የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ እንዳይፈላ» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ስለዚህ ወደ ጓሮ ተሰድጃለሁ።

ቤቷ ያለችበት ሁኔታ ይኸው፦ ግድግዳዋ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ቆርቆሮ፣ ወለሏ አፈር፣ ኮርኒስም መስኮትም የላትም። መብራት ከትልቁ ቤት በቀጭን ሽቦ የተሳበ አንድ አምፖል ብቻ ነው። ሮቶው ከበሯ 15 ሜትር ያህል ይርቃል። የሱሉልታን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀን ፀሐይ ሲመታት ደግሞ ውስጧ አያስቀምጥም።

አንድ ባለ 50 ሊትር ስቴንለስ ድስት ላይ ዓይኔን ጥያለሁ፤ እሱን ከገዛሁ ግን ለሌላ የሚተርፍ ብር የለም። ልግዛው ወይስ መጀመሪያ ቤቷን ላብጃት? በኤሌክትሪክ ይሻላል ወይስ በጋዝ? ደግሞም እናቴ ለጥምቀትና ለማኅበሯ ጠላ ትጠምቃለች። ጋኖቿን እዚያው ባስገባላት ችግር አለው?


የገላን ጠማቂ፦

ወንድሜ፣ ድስቱ የትም አይሄድብህም። ድስት ውስጥ ያለው ነገር ከሰዓት በላይ ሲንተከተክ ይቆያል፤ እሱን የሚያበላሸው የለም። ቢራ የሚበላሸው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ ያ ደግሞ የቤቱ ጉዳይ ነው። እኔም ገላን ውስጥ በእንደዚያ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው የምጠምቀው፤ የምነግርህ በእጄ ያለውን ነው።

በወለሉ ጀምር። 20 ሊትር ቢራ ለማውጣት እጥበቱንና ማቀዝቀዣውን ጨምረህ ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ታፈሳለህ። ያ ሁሉ አፈር ላይ ሲወርድ ጭቃ ነው፤ የብቅል ጭማቂ ጠብ ያለበት ደግሞ በማግስቱ የጉንዳን ሠርግ ይሆናል። ኮንክሪት አስሞላ፣ ላዩን አስለስን፣ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ያህል ወደ ኋላኛው ጥግ ይዝመም። ጥጉ ላይ ቱቦ ቀብረህ ውኃውን ከሮቶው ራቅ ወዳለ ጉድጓድ አውጣው። ልስኑን ግድግዳው ላይም አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉልህ፤ ያኔ በጎማ ሙልጭ አድርገህ ታጥባለህ። ግንበኛው «ሴራሚክ እናንጥፍልህ» ካለህ እሺ አትበል። ለዓይን ያምራል፣ ግን እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፤ አንተ ደግሞ የፈላ ድስት ነው የምትሸከመው።

ሁለተኛው ጣሪያው ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ስታፈላ እንፋሎቱ ቆርቆሮው ላይ ይጠራቀምና ተመልሶ ይንጠባጠባል። ከምስማሩ ቀዳዳ ዙሪያ ዝገቱን አዝሎ፣ ቡና የመሰለ ጠብታ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ድስትህ ውስጥ! የማዳበሪያ ኮርኒስ ወጥረህ ችግሩን እፈታለሁ እንዳትል፤ እርጥበት ይጠጣል፣ ይሻግታል፣ አይጥም ከላዩ ትሮጥበታለች። የሚታጠብ ነገር ይሁን፤ ፒቪሲ ኮርኒስ ካገኘህ እሰየው። ከማፍያው በላይ ደግሞ ጭስ ማውጫ ክፈትለት። አንተ ጋ ይሄ ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ሱሉልታ ከዚያም ዝቅ ይላል። ቢራውን የሚያመርረው አበባ፣ ሆፕሱ፣ ምሬቱ የሚወጣው በሙቀት ስለሆነ፣ የፈረንጅ መመሪያ 60 ደቂቃ አፍላ ካለህ አንተ 90 አድርገው፣ ወይም ሆፕሱን ጨምር። ረዘም አድርገህ ስታፈላ እንፋሎቱም እንደዚያው ይበዛል።

ግድግዳው ላይ ገንዘብ አትጨርስ። ከውጭ ቆርቆሮው ባለበት ይቆይ፣ ከውስጥ ማገር አስመትተህ በጭድ በተቦካ ጭቃ አስመርገው፣ ላዩን ኖራ ቀባው። ጭቃ ቤት ቀን እንደማይግል፣ ሌሊትም ቶሎ እንደማይበርድ እናንተ ሰፈር ማንም ያውቃል። ያም ሆኖ ለእርሾው አይበቃም። ኤል ለሚባለው የቢራ ዓይነት የሚሆነው አብዛኛው እርሾ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይፈልጋል። ከብርዱ በላይ የሚጎዳው ደግሞ መዋዠቁ ነው፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርሾው መሐል ላይ ይተኛብሃል። ለዚህ ክፍሉን በሙሉ ለማሞቅ አትድከም። ምናለሽ ተራ ሂድና ሞተሩ የሞተ ፍሪጅ ግዛ። የሚሠራ አላልኩህም፤ የምትፈልገው ሳጥኑን ነው። ባልዲህን ከነክዳኑ ውስጡ ታስቀምጣለህ፣ ማታ ማታ አጠገቡ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውኃ ትጨምርለታለህ፣ በሩን ትዘጋለህ። እርሾው ራሱም ሙቀት ስለሚያወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀሪካኑ ላያስፈልግህ ይችላል፤ ባልዲው ላይ ቴርሞሜትር ለጥፈህ እያየህ ነው። አንዳንዱ አምፖል አብርቶ ያሞቃል፤ ብርሃን ግን ሆፕስ የገባበትን ቢራ ሽታውን ያበላሸዋል፣ ቢራ በቡናማ ጠርሙስ የሚታሸገውም ለዚሁ ነው።

ማጠቢያ በረኪና ከሆነ ባልዲውን በፈላ ውኃ ደጋግመህ አለቅልቀው፤ ከቀረበት ቢራህ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ስቴንለስ የገዛህ ቀን ደግሞ በረኪና አታስነካው፣ እየበላ ይበሳዋል።

የእናትህን ጋን በተመለከተ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እዚህ አሉ። የእኔ መልስ ግን አይሆንም ነው። ጠላን ጠላ የሚያደርገው ከጌሾውና ከብቅሉ ጋር የሚመጣው የዱር እርሾና አኮምጣጭ ባክቴሪያ ነው። ለእሷ ጣዕም ነው፣ ለአንተ ግን ኮምጣጤ።


የሰንዳፋዋ፦

ልጄ፣ እኔ ቢራውን አላውቅበትም፤ ጠላ ግን ስጠምቅ ነው ያረጀሁት። ጋን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ። ታቹ ሞላላ ነው፣ ካልተደላደለ ይነቃነቃል፣ የነቃ ዕለት ድፍድፉ ሁሉ መሬት ነው። አፈሩን ጎድጎድ አድርገህ ጭድ ጎዝጉዝለት፣ ያኔ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እንግዲህ አንተ ወለሉን ልትለስነው ከሆነ የእናትህ ቦታ እዚያ አይደለም።

ደግሞስ ጋኑን በምን ልታጥንላት ነው? ጋን በግራዋ ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በወይራ ይታጠናል። ያ ጭስ ከቤቱ አይወጣም። አንተ ብቅልህን፣ ሆፕስ የምትሉትንም እዚያው አስቀምጠህ፣ ቢራዬ ጭስ ጭስ አለ ብለህ እናትህን ልትቆጣ ነው? ከቤቷ ጎን፣ ነፋስ በማይመታው በኩል፣ ከላይ ቆርቆሮ ጣል አድርገህ ዳስ ሥራላት። ወለሉን አፈር ተውላት። እናቶች ቦታ ጠበበን አይሉም፤ ዝም ስላለች ደስ ብሏታል ማለት አይደለም፣ ጠይቃት።

ብቅልህን የምታስፈጨው የት ነው? ወፍጮ ቤት ከሆነ በርበሬ ከሚፈጭበት ወፍጮ አታስጠጋው፣ በውኃ አይለቅ። ጠዋት ሳይጀመር ሂድና «እንደ ቂንጬ ሸርክትልኝ» በለው፤ ዱቄት ካደረገልህ ሊጥ ነው የሚሆንብህ። የተረፈውን ብቅል በሚገጠም በርሜል ክተተው፤ ነቀዝ ማዳበሪያ አያግደውም።


ሽቦ ሠራተኛው፦

የመብራቱን ነገር ልመልስልህ፣ ሌሎቹ ዘለውታል። 3000 ዋት ማፍያ በ220 ቮልት ወደ 14 አምፒር ይስባል። የአምፖሏ ሽቦ ይህን አትችለውም፣ ትቀልጣለች። ከቆጣሪው ሳጥን ራሱን የቻለ መስመር ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊ በሆነ ሽቦ አሳብ፣ ባለ 20 አምፒር ብሬከር ይኑረው፣ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) የግድ ነው። ወለሉ እርጥብ፣ እጅህ እርጥብ፣ ድስቱ ብረት፤ ኧርዝ ከሌለው ማፍያውን አትሰካው። የሰው ንክኪ ሲኖር የሚቆርጠውንም ብሬከር ጨምርበት፣ በእሱ ብር አትቆጥብ። ሶኬቱ ከወለሉ 1 ሜትር ከግማሽ ከፍ ብሎ ይሰቀል። እንጀራ እየተጋገረ ግን ማፍያውን አታብራ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ዋናውን ያወርዱታል።


የገላን ጠማቂ፦

ሽቦ ሠራተኛው ትክክል ነው፣ ግን መብራት መሐል ላይ ሲጠፋስ? ማፍያው በኤሌክትሪክ ይሁን፣ ሲሊንደር ጋዝም ለክፉ ቀን ይኑርህ፤ ሲሊንደሩ ከግድግዳው ውጭ ይቁም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ፦ ብርድ ነው ብለህ ከሰል አቀጣጥለህ እዚያ ቤት አታስገባ፣ በሩ ገርበብ ቢል እንኳ። የከሰል ጭስ ሳያስነጥስ ነው የሚገድለው። ቢራውም ሲብላላ አየር ያበላሻል፤ 20 ሊትሩ ከ400 ሊትር የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ከጭስ ማውጫው ሌላ ከታች በወለሉ አቅጣጫ አንድ ቀዳዳ ክፈት፤ ወንፊት ሽቦ ምታበት፣ አይጥ አለ።


የሱሉልታው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ድስቱን ትቼዋለሁ፣ ባለችኝ የ30 ሊትር ድስት እቀጥላለሁ። እትዬ፣ እንዳሉኝ እናቴን ጠየቅኳት። «እዚያ የሲሚንቶ ሣጥን ውስጥ አልገባም፣ ማን ጠይቆህ ነው?» አለችኝ፤ ዳሱን ግን ወዳዋለች፣ የሚቆምበትንም ቦታ ራሷ አሳይታኛለች። ሲሚንቶና አሸዋ ሰኞ ይራገፋል።

አተላውንስ ምን ታደርጉታላችሁ? ጎረቤቴ ሁለት የወተት ላሞች አሉት።


የሰንዳፋዋ፦

የዚያኑ ቀን ስጠው። ካደረ ይኮመጥጣል፣ ላሟን ይነፋታል። መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት ይልመድላት፣ ከገለባ ጋር ቀላቅሎ። ወተት ካላመጣልህ እኔ የለሁበትም።


የሱሉልታው፦

የመጨረሻ ጥያቄ፦ በሩ አሁን ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ላዙረው?


የገላን ጠማቂ፦

አዙረው። ወደ ውጭ ይከፈት፣ ወርዱም 90 ሴንቲ ይሁን። ፍሪጁን በጠባብ በር ማስገባት ሌላ ጣጣ ነው፤ ምናለሽ ተራ ስትሄድም ሜትር ይዘህ ሂድ።